ባለቤት ያልተገኘላት

«ባለቤት የላትም በል አልኩህ እኮ! አስራ አንድ ወር ያልተገኘ ባለቤት ዛሬ ከየት ይመጣል?» አለ የእህቴ ባል፣ በስልክ፣ ከግድግዳው ወዲያ። ግድግዳ ስል እንዳትታለሉ፤ የኔን ክፍል ከነሱ መኝታ ቤት የሚለየው ኮምፔንሳቶ ነው፤ ሰውየው ካልሲ ሲያጠልቅ የትኛውን እግሩን እንዳስቀደመ ሁሉ አውቃለሁ። ጥርሴን እየቦረሽኩ ነበር። ቡሩሹን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ቀረሁ። «አዎ፣ ቀይዋ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት። አዎ፣ የዚያች የወተት ሻጭ ናት፤ አውቃለሁ አልኩህ! ወረቀቱ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ አንተን የሚጠይቅህ የለም። ዛሬ ሆዷ ይከፈታል፣ ጥጃው ይወጣል፣ እሷም ትሞታለች፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል።» ከዚያ ስልኩን ዘጋና በዚያው ድምፅ ሸሚዙ የት እንዳለ እህቴን ጠየቃት። ወንበሩ ላይ ነው አለችው። ሰምታለች። እኔ ከግድግዳ ወዲህ ሆኜ የሰማሁትን እሷ አጠገቡ ተኝታ ልትስተው አትችልም።

የምሠራበት መሥሪያ ቤት «የጠፉ እንስሳት መመለሻ ማዕከል» ይባላል። ይህን ስም ያወጣው ሰው የሚጠፋ ነገር ኖሮት የሚያውቅ አይመስለኝም። ማዕከሉ የሚመልሰው ዘራቸው ከምድር ላይ የጠፋ እንስሳትን ነው። ከድሮ ቆዳና አጥንት ላይ ትንሽ ነገር ፍቀው ይወስዳሉ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ጽንስ ይሠሩበታል፣ ጽንሱን ደግሞ ለእንስሳው ዘመድ በሆነ በሌላ እንስሳ ማሕፀን ያሳድሩታል። ክሎኒንግ የሚሉት ይህንኑ ነው። ሕዝቡ ግን ሰሌዳውን እንደተጻፈ ነው የሚያነበው። ውሻው የጠፋበት ይመጣል፤ ድመቷ ሦስት ቀን ያላደረችበት ይመጣል። ሚስቱ የጠፋችበት ሰውዬ እንኳ አንድ ቀን መጥቶ ነበር። ዘበኛችን «ጌታዬ፣ እንስሳ እኮ ነው የሚለው» ቢለው «እኔም ስታገኘኝ እንደዚያው ነው የምትለኝ» ብሎት ቁጭ አለ። እኔ መረጃ መስኮት ላይ ስለምቀመጥ ለሁሉም የምሰጠው አንድ መልስ አለኝ፤ «እዚህ ጠፋ ማለት ከቤት ጠፋ ማለት አይደለም፣ ከዓለም ጠፋ ማለት ነው።» በቀን አራት አምስት ጊዜ እለዋለሁ። ሳስበው እንኳ አላስብበትም።

እና ሴትየዋን አውቃቸዋለሁ። ሰፈራቸው ውስጥ እትዬ እርጎ ነው የሚሏቸው። መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ኋላ በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ መስኮቴ ፊት ይቆማሉ። ላማቸው ቦቃ ትባላለች፤ ገመድ በጥሳ ወጥታ ቀረች። ቀይ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አለ፣ ሌላ ሰው ካለባት ወተቷን አትሰጥም። ይህን ሁሉ ሃያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም የሰማሁት፤ አንድ ጊዜም አልመዘገብኩትም። ከብቶቹ ያሉት ከኋላ ነው፣ በር ሦስትን አልፎ፣ እኔ ደግሞ ከሻይ ቤቱ አልፌ አላውቅም። የማላየውን ላም ከሴትየዋ ላም ጋር ምን ያገናኝብኛል? እስከዛሬ ጠዋት ድረስ ይህ ጥሩ ምክንያት ነበር።

ቁርስ ላይ ሦስታችን ተቀመጥን። የእህቴ ባል፣ ጋሼ ነው የምለው፣ ስለ እንቁላል ዋጋ አወራ። የዛሬ ዓመት ሦስት በሚገዛው ዛሬ አንድ አይሰጡም፣ ዶሮዎቹ በወርቅ ነው እንዴ የሚቀለቡት አለ። እህቴ «እህ» አለች። እኔም «እህ» አልኩ። ማዕከሉ ያስገባኝ እሱ ነው፤ የሚያረግዙትን ከብቶች የሚገዛላቸው ሰው ስለሆነ ቃሉ ይሰማል። ክፍሉንም የሰጠኝ እሱ ነው፤ ሰባት ዓመት ኖሬበት አንድ ቀን ኪራይ ብሎኝ አያውቅም። ለዚህ ሁሉ አመሰግነዋለሁ፤ ማመስገን ደግሞ ቀስ በቀስ ሰውን እንደሚያደክም ያወቅሁት እዚያ ቤት ነው። እህቴን አየኋት። ጨው መነስነሻውን ታያለች። ስለ ባሏ አንድ ቀን ክፉ ተናግራ አታውቅም፤ ደግም ተናግራ አታውቅም። ሳህኖቹን ስታነሳ የኔን ገና ሳልጨርስ አነሳችብኝ።

ነገሩን አውቶቡስ ውስጥ ነው የገጣጠምኩት። የማዘጋጃ ቤት መኪና መንገድ ላይ ባዝነው የሚያገኛቸውን ከብቶች እየሰበሰበ በረት ያስገባል። ባለቤት እስኪመጣ ሰላሳ ቀን ይጠበቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው ለማዕከሉ የሚሸጡት። ጋሼ ሰላሳ ቀን የሚጠብቅ ሰው አይደለም። የበረቱን ጸሐፊ ያውቀዋል። ቀኑን ወደ ኋላ ጽፈው፣ «ባለቤት ያልተገኘላት» ብለው፣ በሦስተኛው ቀን አወጧት ማለት ነው። ሴትየዋ እያጠያየቁ በረቱ ሲደርሱ ላሟ የኛን ቁጥር ጆሮዋ ላይ አንጠልጥላ ነበር። አንድ ወር ሳይሞላት ጎሽ አስረገዟት።

ጎሹ ባለነጭ ጀርባው ጎሽ ነው። ኮሪደራችን ላይ በመስታወት ውስጥ አንድ ቆዳ አለ፣ ጠጉሩ የረገፈ፤ አጠገቡ ሥዕሉ ተሰቅሏል። ዶክተሩ፣ ኃላፊያችን ማለቴ ነው፣ ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፣ እዚህ ግን «እሱ» ይበቃዋል፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር እዚያ መስታወት ስር ቆሞ አንድ ዓይነት ንግግር ያደርጋል። የመጨረሻዋ ጎሽ ከሰማንያ ዓመት በፊት በአጥር ውስጥ ብቻዋን ሞተች ይላል። ማንም አልበላት፣ በሽታ አልነካት፤ ዘመዶቿን ሁሉ እኛ በጥይት ጨርሰንባት፣ ስትጣራ የሚመልስላት አጥታ ሞተች። ሰው ላጠፋው ጥፋት ይቅርታ ብሎ ብቻ አይወጣም፣ ያጠፋውን መመለስ አለበት ይላል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ይህ ንግግር ሁልጊዜ ሆዴን ያባባዋል። ሰውየው ውሸታም አይደለም። ቦቃ የተሸከመችው አስራ አንደኛው ነው፤ አስሩ ሳይወለዱ ሞተዋል፣ እያንዳንዱ በሞተ ቀን ቢሮውን ዘግቶ ሲያለቅስ ጸሐፊዋ ሰምታዋለች።

ሦስት ሰዓት ሲሆን እትዬ እርጎ መጡ። የወተት ጀሪካናቸውን መሬት አስቀመጡ፣ የመስኮቴን ደፍ በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉልኝ፣ እንደ ልማዳቸው። «ዛሬስ አልተመለሰችም?» አሉ። እኔ አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደከፈትኩት አላውቅም፤ የወጣው ግን ያው የለመደው ነው፤ እዚህ ጠፋ ማለት ከቤት ጠፋ ማለት አይደለም። አንገታቸውን ነቀነቁ። «ገብቶኛል ልጄ። እናንተ ከዓለም የጠፋውን የምታገኙ ሰዎች፣ ከሰፈር የጠፋውን እንዴት ታጣላችሁ ብዬ ነው እንጂ።» ነገር መፈለጋቸው አልነበረም፤ የምር ነው የጠየቁኝ። ከተገኘች እንደውላለን አልኳቸው። ስልካቸውን ወስጄ አላውቅም። ጀሪካናቸውን አንስተው ሄዱ፣ እኔም በመስታወቱ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ተከተልኳቸው፣ በዓይኔ።

አስር ደቂቃ አልቆየም፤ የከብት ሐኪሟ ቦት ጫማዋን እንዳደረገች፣ በጓንቷ ላይ ደም እንዳለ፣ መጣች። «የአራት ቁጥርን፣ የቀይዋን ላም፣ ፋይል ስጪኝ። ቶሎ በይ እህቴ።» ሳወጣላት እየተንጎራደደች ነገረችኝ፤ ለኔ ሳይሆን ለራሷ ነው የምትናገረው የሚመስለው። ጥጃው ከላሟ አቅም በላይ ሆኗል፣ ጎሽ ነው፤ ውስጧ እየደማ ነው። ጥጃውን ሆዷ ውስጥ ቆራርጣ ብታወጣው ላሟ ትተርፋለች። ጥጃው በሕይወት ይውጣ ከተባለ ግን ላሟ አታመሽም፤ ሁለቱን ማትረፍ የለም። «ባለቤት ካላት፣ ባለቤቷ እሺ ሳይል ለሞት አልሰጣትም፤ ደንቡም እንደዚያ ነው። ባለቤት አላት?» ፋይሉን ከፈተች። ባለቤት ያልተገኘላት ይላል፣ በጋሼ እጅ ጽሑፍ፣ ከስሩ ፊርማው። «እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ። ዓይኔን ዓይኔን እያየች ነው። «ፋይሉ የሚለው እሱን ነው» አልኩ። ፈራሁ። ሌላ ምንም ምክንያት የለኝም። ሥራዬን ፈራሁ፣ ክፍሌን ፈራሁ፣ ከሁሉ በላይ የእህቴን ፊት ፈራሁ። ሐኪሟ ፋይሉን መለሰችልኝና ሄደች፤ አውቶቡሱም ገና አልመጣም ነበር፣ ሴትየዋ እዚያው ቆመዋል።

አምስት ሰዓት ላይ ሻይ ቤቱ ውስጥ ዶክተሩና ሐኪሟ ሲከራከሩ ሁላችንም እየሰማን ያልሰማን መስለን ጠጣን። አንድ ጎሽ ብቻውን ምን ያደርጋል ትላለች እሷ፤ ጎሽ በመንጋ ነው የሚኖረው፣ ጎሽ መሆንን ማን ያስተምረዋል፣ በአጥር ውስጥ ብቻዋን የሞተችውን ነው እኮ መልሰህ የምትሠራት። አንድ ከሌለ ሁለት የለም ይላል እሱ። ስለ ላሟ ስትጠይቀው በየሰፈሩ ስንት ላም አለ፣ በዓለም ላይ ግን ይህ ጥጃ አንድ ነው አለ። ሁለቱም ልክ መሰሉኝ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ መጨረሻ የተናገረው ሁልጊዜ ልክ ይመስለኛል፣ መስኮት ላይ ያስቀመጡኝም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ቀዶ ጥገናው ስምንት ሰዓት ላይ ይሁን ተባለ። ወጥቼ እህቴ ጋ ደወልኩ።

«ጠዋት ሰምተሻል አይደል?» አልኳት።

ከኋላዋ የሚፈስ ውሃ ይሰማኛል፣ ልብስ እያጠበች ነው።

«ምኑን?» አለች በመጨረሻ።

«ታውቂዋለሽ ምኑን።»

ውሃውን ዘጋችው። «ለእራት ምን ልሥራ?» አለችኝ። ደስ ያለሽን ሥሪ አልኳት፣ ተሰነባበትን።

እኔ እንግዲህ እዚያው መስኮቴ ላይ እስከ ማታ እቀመጥ ነበር፤ ጀግና እንዳልሆንኩ እንድታውቁልኝ ነው የምነግራችሁ። ያስነሳኝ የጡጦ ጫፍ ነው። ለጥጃው ከውጭ የመጣው ጡጦ ጫፉ ለበግ ግልገል የሚሆን ሆኖ ተገኘ። ሰማንያ ዓመት የቆየ ቆዳ ላይ ሕይወት የሚፈልጉ ሰዎች የጡጦ ቁጥር ተሳስተው አዘዙ! ዶክተሩ መንገዱን ሁሉ እየሮጠ መጥቶ ያገኘው እኔን ነበርና፣ ገንዘብ አስይዞ ወደ መኖ ሱቆቹ ሰደደኝ። ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። መኖ ሱቆቹ ያሉት ከብት በየግቢው የሚያረቡ ሰዎች ሰፈር ነው፤ አስፋልቱ ያልቅና ፉርሽካ ይሸታል።

ሱቁ ጠባብ ነው፣ እስከ ጣሪያ ጆንያ ተደርድሮበታል። ሰውየው ጫፉን እየፈለገልኝ ጥጃው እናት የለውም ወይ አለኝ። ዛሬ ትሞታለች አልኩት። «እንገር ሳያገኝ?» አለ ቀና ብሎ። እንገር ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ከተማ ውስጥ ተወልጄ ወተት የማውቀው በላስቲክ ነው። ላም ስትወልድ መጀመሪያ የምትሰጠው ወፍራም፣ ቢጫ ወተት ነው አለኝ፤ እሱን ያልጠጣ ጥጃ የፈለገ ነገር ብትሰጪው ሳምንት አይቆይም፤ ጡጦውን ተይው፣ የሚያልባት ሰው ፈልጊ። ከዚያ የማን ላም እንደሆነች ጠየቀኝ። ወደ በሩ ዞርኩ። በሩን አልፎ ባሻገር ያለው ግቢ ይታየኛል፤ የተጠረገ ባዶ በረት፣ አንድ ገንዳ፣ በገንዳው አፍ ላይ የተቀመጡ እትዬ እርጎ፤ ከሰው የገዙትን ወተት ለደንበኞቻቸው በጣሳ ይከፋፍላሉ። በረቱ ውስጥ ከብት የለም፤ ወለሉ ግን ዛሬ ጠዋት የተጠረገ ነው። አስራ አንድ ወር ሙሉ በየጠዋቱ የሚጠርጉት መሆኑ ገባኝ። መልሴን ሳልቀበል መንገዱን ተሻገርኩ።

«እማማ፣ ላምዎ እኛ ጋ ናት» አልኩ።

ጣሳውን አስቀመጡ። አልጮኹም፣ አልተነሱም። «በሕይወት?»

«እስካሁን።»

ቤት ገብተው ቫዝሊን ያለበት ቆርቆሮ ይዘው ወጡ። በሩን ሳይቆልፉ፣ ወተቱን ሳይከድኑ መንገድ ወጣን፤ ታክሲ ያዝኩ። እንዴት እኛ ጋ እንደመጣች፣ ማን እንዳመጣት፣ መቼ እንዳወቅሁ ይጠይቁኛል ብዬ ቃላት ሳዘጋጅ ነበር። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «አርግዛለች?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «ከብዷታል?» አሉ። ከብዷታል አልኩ። ከዚያ በኋላ እስከምንደርስ መስታወቱን አዩ። መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር፤ ሹፌሩ የነዳጅ ዋጋ ሲረግም እኔ ሰዓቴን አይ ነበር፣ ስምንት ሰዓት ስናየው አለፈ፣ ስምንት ተኩልም አለፈ።

ዘበኛችን ሻምበል ይባላል፤ ውትድርና በሬዲዮ ካልሆነ ሰምቶት አያውቅም፣ ግን ሰው ማቆም ይወዳል። ካርድ የሌለው በር ሦስትን አያልፍም አለ። «የአራት ቁጥር ባለቤት ናቸው» አልኩት፣ ጮክ ብዬ። «ባለቤት አላት እንዴ?» አለ። «አላት።» በሩን ከፈተ። ይኸው ነው፤ ጠዋት ይህችኑ ቃል ነበር የምፈልጋት።

ደርሰን አልደረስንም። ወለሉ በውሃ ታጥቦ ገና አልደረቀም። ጥጃው ጥግ ላይ ብርድ ልብስ ላይ ተኝቷል፣ ጥቁር፣ ጀርባው ከማጅራቱ እስከ ጭራው ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል፤ ዙሪያውን ነጭ ካፖርት የለበሱ ሰዎች በስልካቸው ያነሱታል፣ አንዲቱ ታለቅሳለች። ወዲህ ቦቃ በጎኗ ተኝታለች፣ ሆዷ ተሰፍቷል፣ ጡቶቿ ላይ የማለቢያ ማሽን ተሰክቶ ባዶውን ይጮሃል። ዶክተሩ ፊቱ አመድ መስሏል። «ወተቷን ይዛለች!» አለች ሐኪሟ ወደኛ ሳትዞር። «ሰባት ሰው ሞከረ። እንገሩ አለ፣ ጡቷ ሊፈነዳ ነው፣ አትለቅም። ጥጃው ደግሞ ጡጦውን ይተፋል፤ ካልጠጣ ነገን አያይም።»

«ቦቃ» አሉ እትዬ እርጎ።

ጆሮዋ ዞረ። ሌላው ሰውነቷ አልተንቀሳቀሰም፣ ጆሮዋ ብቻ። ሴትየዋ ተንበርክከው ማሽኑን አንድ በአንድ ነቀሉት፣ ማንም ይተዉ አላላቸውም። ቫዝሊኑን እጃቸው ላይ እየቀቡ ሐኪሟን ቀና ብለው አዩ። «ትተርፋለች?» ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀች፤ ለዚህ ጥያቄ ጓንት ነውር የመሰላት ይመስለኛል። «አትተርፍም እናቴ። ጠዋት ባለቤት ቢኖራት ኖሮ አተርፋት ነበር፤ አሁን አልፏል።» «ጠዋት መጥቼ ነበር» አሉ እትዬ እርጎ። ሐኪሟ እኔን አየችኝ። ፋይሉን በየትኛው እጄ እንደሰጠኋት ሳይቀር የምታስታውስ መሰለኝ። «ልጅቷ ምን ታድርግ» አሉ ሴትየዋ፣ «እንደገባት ሮጣ መጣች። እግዜር ይስጣት።» የምገባበት ቀዳዳ አጣሁ።

አለቧት። እያናገሯት ነው የሚያልቡት፣ ሲወቅሷት፤ አንቺ ባለጌ፣ ገመዱን ምን አስበጠሰሽ፣ ምን አጥተሽ፣ ቆይ ቤት እንገናኝ። መጀመሪያ ምንም አልወጣም። ከዚያ ባልዲው ውስጥ ጭርር የሚል ድምፅ መጣ። ወፍራም ነው፣ ቢጫ ነው፤ ሱቅ ውስጥ እንደተነገረኝ። ጨርሰው ባልዲውን ጥጃው ፊት አስቀመጡና ሁለት ጣታቸውን እንገር ውስጥ ነክረው አፉ ውስጥ አስገቡለት። ገዝቼ ያመጣሁትን ጫፍ ኪሴ ውስጥ እያገላበጥኩ አየሁ። ጠባ። ጣታቸውን እየጠባ አፉን ቀስ እያሉ ባልዲው ውስጥ ዝቅ አደረጉት፣ ጠጣ። ዶክተሩ ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እኔም ደስ አለኝ። ላሟ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ሞተች። ሴትየዋ አንድ እጃቸው ጥጃው አፍ ውስጥ ስለነበር በሌላው ነው ግንባሯን የነኩት።

ሰዎቹ ቀስ በቀስ ወጡ። ዶክተሩ ተመልሶ ሲመጣ ፊቱን ታጥቧል፣ ወረቀት ይዟል፤ የሕግ ክፍሉ በስልክ ያጻፈው ነው። ሰው ነው፣ ፈርቷል፤ በዚህ አገር ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ጥጃ የሚሆነው ለላሟ ባለቤት ነው። አስፈርሚያቸው ብሎ ለኔ ሰጠኝ። ሴትየዋ ምን ይላል አሉኝ። «ጥጃው ላይ ምንም ጥያቄ የለኝም ነው የሚለው» አልኩ። «ልወስደው መስሎት ነው?» አሉ። «ከዚህ ጋር የት እገባለሁ? አሳድጌ ለማን ላስረክበው?» ከዚያ ዶክተሩን አዩት። «ቦቃን የሸጠላችሁስ ማን ነው? ወረቀቱ እሱንም ይላል?» ዶክተሩ ይህን ፋይሉ ያውቃል፣ ነገ እናጣራለን አለ፣ ስልኩም ጠራ፣ ጋዜጠኞች ናቸው፣ እያወራ ወጣ።

ሦስት ቀረን፣ እኔ፣ እሳቸውና ጥጃው። ሌላ ቦታ ሆኜ ቢሆን ዝም እል ነበር፤ እንዲያውም ነገ የሚያጣሩት እነሱ ናቸው። ግን እግዜር ይስጣት ያሉኝ ነገር አላስቀምጠኝ አለ።

«እማማ፣ ጠዋት አውቅ ነበር» አልኩ። «መስኮቱ ላይ ሲጠይቁኝ አውቅ ነበር። ሐኪሟም ባለቤት አላት ወይ ስትለኝ አውቅ ነበር፣ እርስዎ ገና አውቶቡስ እየጠበቁ ነበር። የሸጣት የእህቴ ባል ነው። ፈርቼ ነው።»

አላዩኝም። ጥጃው ጣታቸውን ይጠባል፣ በአፍንጫው ይተነፍሳል፣ የሚሰማው እሱ ብቻ ነው። ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

«እጅሽን ታጠቢ» አሉኝ።

ታጠብኩ፣ እስከ ክርኔ።

«ነይ ቁጭ በይ። ሁለት ጣት። ጥፍርሽን ወደ ታች አድርጊው፣ ላንቃውን እንዳትቧጭሪው። በየሁለት ሰዓቱ ነው፣ እንገሩን ሞቅ አድርገሽ፤ እሳት ላይ ግን እንዳትጥጂው፣ ይረጋል።» አንድም ነገር አላስቀሩም፤ በትዕግሥት ነው ያሳዩኝ፣ ጣቴን ይዘው ራሳቸው አስገቡልኝ። ምላሱ ሸካራ ነው፣ አጥብቆ ይስባል፤ ይህን ያህል ጉልበት ይኖረዋል ብዬ አልጠበቅሁም። ከዚያ ተነሱ፣ ጉልበታቸውን ይዘው፣ እጃቸውን በሻርፓቸው ጠረጉና ወደ በሩ ሄዱ።

«የት ሊሄዱ ነው?»

«ቤቴ።»

«እሱስ?»

ዞር ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን አዩት፤ ከነጩ ጀርባው እስከ ሰኮናው። «ያምራል» አሉ። «ግን እኔ አልጠራሁትም። የጠራችሁት እናንተ ናችሁ።»

ወጡ። ተከትዬ ልነሳ ጣቴን ከአፉ ሳወጣ ጮኸ፤ መልሼ ሰጠሁት።